የኋላ መቀመጫ

ደብረ ዘይት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለወ/ሮ ካሳነሽ በቀለ፣ ዲላ

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ዝናቡ ዘንድሮ ከጌዴኦ አልወጣም ብሎ መንገዱን እንዳበላሸው ከወርቃ የመጣ ሰው ነግሮኛል። ደብዳቤሽ ሦስት ሳምንት የቆየውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደህና ነኝ።

ለጠየቅሽኝ ነገር መልሱ አዎ ነው። ጋዜጣው ላይ ባለው ፎቶ ከግራ ሦስተኛዋ እሷው ናት። የምትመስላት ሌላ ልጅ አይደለችም፤ ያንቺው ሮሆቦት ናት። ጎረቤትሽ ሀዲጃ ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግታ ባታሳይሽ ኖሮ እኔ መቼ እነግርሽ እንደነበር አላውቅም። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ ያለችሽ ውሸት ነው። ከዲላ የወጣችው ለእጩ መኮንንነት ተመዝግባ ነው። የወታደር ትምህርቷን ጨርሳ ለበረራ ሥልጠና እኛ ዘንድ የመጣችው ባለፈው ሐምሌ ነው። አዲሶቹን ተሰልፈው ሳያቸው የእያንዳንዱን ስም እየጠየቅሁ አልፋለሁ። እሷ ጋ ስደርስ ቀጥ ብላ ቆማ «እጩ መኮንን ሮሆቦት ዘነበ» አለች። ዓይኗን አላንቀሳቀሰችም። እኔም ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሠላሳ ሰው ቆሞ ምን ላድርግ?

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ አስጠራኋት።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ ጋሼ። እርስዎም እንዳይነግሯት።»

«ለምን?»

«ካወቀች ትመጣለች። ከመጣች እመለሳለሁ።»

ሦስት ወር ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ይህ ግን ከጥፋት እንደማያነጻኝ አውቃለሁ። አንቺ ያሳደግሽኝ ወንድምሽ ነኝ፤ ከማንም በፊት ልነግርሽ ይገባ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጤነኛ ናት፤ ትንሽ ከስታለች። ጸሎቷን አልተወችም።

ወንድምሽ
ኮ/ል ከፍያለው በቀለ


ዲላ፣ ኅዳር 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

ወንድሜ ከፌ፣

ሰላምታውን ላስቀድም ብዬ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ጤና ይስጥህ፤ ሰላምታዬ ይኸው ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሀዲጃ ሱቅ ደውለህ «ልጅቷ ብትበር ምን ክፉ ነገር አለው?» አልከኝ። ሱቁ ውስጥ ጨርቅ የሚያስለኩ ሴቶች ስለነበሩ ዝም አልኩህ። አሁን ልመልስልህ።

በ1980 መጋቢት ላይ አንድ ሰው ወርቃ ድረስ መጥቶ «የሻለቃ ከፍያለው አውሮፕላን አልተመለሰም» ብሎ ለአባታችን ነገረው። ሞቷል አላለም፤ አለ አላለም። ውኃ ጠጥቶ ሄደ። አባታችን ለቅሶ እንቀመጥ አለ። እናታችን «ሬሳ ላላየሁለት አላለቅስም» አለች። ለሰማንያ ሰባት ቀን ግማሹ ሰው ሊያለቅስ፣ ግማሹ ሊጸልይ ይመጣ ነበር። ለሁለቱም ወገን ቆጮ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲለኝ አሜን እላለሁ፤ ሌላው «በሕይወት ይመልሰው» ሲለኝም አሜን እላለሁ።

ከዚያ ካንተ አራት መስመር መጣ። በጃንጥላ ወርደህ ገበሬዎች ደብቀውህ፣ ኋላም አንገትህ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝተህ ኖሯል። እናታችን አራቱን መስመር ደጋግማ አስነበበችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዋ አልሆነችም፤ አንተም ስለምታውቀው አልዘረዝረውም።

ሌላም ልንገርህ። በ1983 ሠራዊቱ ተበትኖ፣ አንተም ከካምፕ ተለቀህ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ ሲያዝን እኔ ወንድሜ ምድር ላይ ቀረልኝ ብዬ ዘመርኩ። ክፉ አትበለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የአቶ ይርጋን የቡና መፈልፈያ ሞተር ስታንቀሳቅስ አየሁህ። ሥራህ ጥሩ ነበር። ሰው ይወድህ ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠህ ምሳ አልበላህም፤ ቆመህ ነበር የምትጎርሰው። ሞተሩ እንደጠፋ ምንም ጉዳይ ሳይኖርህ ጨለለቅቱ ድረስ በእግርህ ደርሰህ ትመለሳለህ። «ምን ሆንክ?» ስልህ «ምን እሆናለሁ?» ትላለህ። ሴት አላጨህም፤ ቤት አልሠራህም። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳና መልሰው ሲጠሩህ ሻንጣህን ለማሰር ሃያ ደቂቃ አልፈጀብህም። በር ላይ ቆሜ አይቼሃለሁ። የሠርግ ቤት ሰው ነበር የምትመስለው።

ያንን በልጄ ላይ ልየው? ባለቤቴ ዘነበ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ መሆኗን አንተ አጥተኸው ነው?

ከዚህ ጋር የታጠፈች ሌላ ወረቀት አለች። ለብቻህ ሆነህ አንብባትና ቅደዳት።

እህትህ ካሳነሽ


ደብረ ዘይት፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አራት ጊዜ ጀምሬ ትቼው ነው።

ወረቀቷን አነበብኳት። አልቀደድኳትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ፊደልሽ እንዲህ ያለ ነገር ይጻፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። «በፈተና ጣላት። አልቅሳ ይወጣላታል። ማን እንዳደረገው አታውቅም» ብለሻል።

እታለም፣ ይህን የምትጠይቂው ማንን እንደሆነ አስበሻል? ኦጋዴን ላይ ስበር ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ስንት ቦታ ላይ ምን እንደጣልኩ አንቺ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ስላልጠየቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። በሕይወቴ አፌን ሞልቼ የምናገረው ነገር ቢኖር አስተማሪነቴ ነው። ከሰባ በላይ አብራሪ አውጥቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ጥያለሁ። የአሥራ ዘጠኙንም ፊት አስታውሳለሁ፤ አንዱም ሳይገባው አልወደቀም።

«ችሎታ አላት ወይ?» ብለሻል። የላትም ብልሽ ለሁላችንም ይቀል ነበር። መጀመሪያ መካከለኛ ነበረች፤ ስታርፍ ትቸኩል ነበር። አሁን አትቸኩልም። ሌሎቹ አውሮፕላኑን ይታገሉታል፤ እሷ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቀድማ ታውቅና ትጠብቀዋለች። ይህን ማስተማር አይቻልም። ከሰባው ውስጥ እንዲህ ያሉት ከአምስት አይበልጡም።

ይህን ሁሉ ከነገርኩሽ በኋላ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አንቺን ግን እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ከወርቃ ዲላ አምጥተሽ ትምህርት ቤት ያስገባሽኝ፣ አባታችን «ለእርሻ ይመለስ» ሲል ፊቱ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ያን ቀን ባትቆሚ ይህ ማዕረግ የለም። እሺ ብያለሁ። የመጨረሻው የፈተና በረራ ግንቦት ላይ ነው። ፈታኟ እኔ ነኝ። ዝምድናችንን እዚህ ማንም አያውቅም፤ ለአለቆቼ ማሳወቅ ነበረብኝ፣ አላሳወቅሁም።

ስለ አንገቴ የጠየቅሽው ደህና ነው።

ከፍያለው


ዲላ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ወንድሜ ከፌ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ፤ ሰላምታዬ ስለዘገየ ይቅርታ። የፈተና ሰሞን ነው፤ የአንድ መቶ አሥር ልጅ ደብተር አርማለሁ።

«ሐሳብሽ እንደጸና ነው?» ብለሃል። እንደጸና ነው።

ግን እንቅልፍ የለኝም። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋብኛል። ለማንም አልነግርም ብዬ የነበረውን ለሀዲጃ ነገርኳት። ደብረ ዘይት ደብዳቤ ሲሄድና ሲመጣ የምታየው እሷ ናት፤ ፊቴንም ታየዋለች። ጨርቁን እያጠፈች ሰማችኝ።

«ልጅቷ ብታውቅስ፣ ካሱ?»

«አታውቅም። ማን ይነግራታል?»

«አላህ ያውቃል፤ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ወንድምሽ ያውቃል፤ አሁን ደግሞ እኔ። ታዲያ ሳያውቅ የቀረው ማን ነው? እሷ ብቻ።»

ተቆጥቼ ወጣሁ። ሁለት ቀን ሱቋ አልሄድኩም። በሦስተኛው ቀን እሷ ራሷ መጣች፤ ነገሩን አላነሳችውም፤ ስለ ዝናቡ አውርተን ተለያየን።

ሮሆቦት ጽፋልኛለች። «እማ፣ ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ፣ ስለመጣሁበት ግን ይቅርታ አልጠይቅም» ትላለች። አባቷም እንዲህ ነበር፤ ግማሽ ይቅርታ ነበር የሚያውቀው። አልመለስኩላትም። ምን ብዬ እመልሳለሁ? «በርቺ» ብላት ውሸት ነው። «ተመለሽ» ብላት ካንተ ጋር የተነጋገርነው ይታወቅብኛል።

ቀኑን ብቻ ንገረኝ። ያን ቀን ጾሜን እውላለሁ።

እህትህ ካሳነሽ


ደብረ ዘይት፣ ግንቦት 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

እታለም፣

በረራው ትናንት ተፈጸመ። ቀኑን አስቀድሜ ሳልነግርሽ የቀረሁት ፕሮግራሙ በድንገት ስለተቀየረ ነው።

ሮሆቦት ደህና ናት፤ አንድም ጭረት የለባትም። መጀመሪያ ማወቅ የሚገባሽ ይህን ነው።

የቀረውን አሁን አልጽፍም። ቀኝ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ፊደሌን ይቅር በይኝ።

ከፍያለው


ዲላ፣ ሰኔ 22 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለኮሎኔል ከፍያለው በቀለ፣

ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ የለም። «የቀረውን አሁን አልጽፍም» ብለህ አንድ ወር ትጠፋለህ? ልጄ ጭረት የለባትም ማለት ምን ማለት ነው? ጭረትን ምን አመጣው?

ትናንት እሷ ራሷ ሀዲጃ ሱቅ ደወለች። «አለፍኩ፣ እማ» አለችኝ። እሰይ አላልኳትም፤ ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «እማ፣ አለሽ?» ትላለች። «አለሁ» አልኳት። «ጋሼስ?» ስላት፣ «ሆስፒታል ነበሩ፣ አሁን ወጥተዋል፣ እሳቸው ይንገሩሽ» ብላ ዘጋችው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። አንደኛው ምን ሆነህ ነው? ሁለተኛው ለምን ዋሸኸኝ? እሺ ያልከው ሰው አንተ ነህ። እኔ አስገድጄ እሺ አላሰኘሁህም። አምስት ወር እሺታህን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

ካሳነሽ


ደብረ ዘይት፣ ሐምሌ 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

እታለም፣

ኮሎኔል ብለሽ ስለጻፍሽልኝ አልቀየምኩም፤ የሚገባኝ ነው። ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ አንድ ስለሆነ እንደሆነው አድርጌ ልንገርሽ።

ግንቦት 17 ረፋድ ላይ ተነሣን። በማሠልጠኛው ጄት ተማሪው ከፊት፣ ፈታኙ ከኋላ ይቀመጣል። ተማሪው ፈታኙን አያየውም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ግን የእሷን ራስ አያለሁ። መመሪያው መጽሐፍ ላይ ያለውን ፈተና ሁሉ አንድ በአንድ ጨረሰች። ስህተት ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ከፍታዋን ትንሽ ሳተችና ሳልናገራት አረመችው። ከዚያ ሌላ የለም።

እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን ለአንቺ እሺ ብያለሁ። «መሪውን ለእኔ ልቀቂ» አልኳት። አውሮፕላኑን ማንም ተማሪ ከሚፈተንበት በላይ አቁሜ ገለበጥኩትና በአፍንጫው ቁልቁል ለቀቅሁት። ከዚያ መልሼ ላስረክባት ነበር። ትደነግጣለች፤ ከደነገጠች ያንን እጽፋለሁ፤ ውሸትም አይሆንም ብዬ ነው።

ከማስረከቤ በፊት ግን መሪውን አጥብቄ ሳብኩት። እንዲያ ሲሳብ ሰውነት በስድስት እጥፍ ይከብዳል፤ ደም ከራስ ይሸሻል። ለሃያ ዓመት ልጅ ምንም አይደለም። አንገቴ ላይ አንድ ነገር እንደ ክር ብጥስ ሲል ተሰማኝና ዓይኔ ጨለመ።

ስነቃ መጀመሪያ የሰማሁት ድምጿን ነው። «ጌታዬ፣ መሪው በእኔ እጅ ነው። እባክዎ አይንኩት» ትላለች። ለስንተኛ ጊዜ እንደምትለው አላውቅም። አትጮኽም፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ነበር የምትናገረው። ወደ ታች ሳይ ሆራ ሐይቅ ክንፋችን ሥር ነው፤ ታንኳው ላይ የቆመውን ሰው ለየሁት። ያን ያህል ወርደን ነበር።

«ስንት ሴኮንድ?» አልኳት።

«ሃያ አምስት ቆጥሬአለሁ፣ ጌታዬ።»

እሷው መልሳ አሳረፈችው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሰላሉን መውረድ አቅቶኝ ደገፈችኝ። ለመካኒኮቹ «ኮሎኔል ደክሟቸው ነው» አለቻቸው። ለብቻችን ስንሆን «ራሴን መሳቴን ለመቆጣጠሪያ ማማው ለምን አልነገርሽም?» አልኳት።

«መመለሴን ነግሬአለሁ። የቀረውን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።» ሰላምታ ሰጥታኝ ሄደች።

ቢሮዬ ገብቼ የፈተናውን ወረቀት ፊቴ አስቀመጥኩ። «በረራውን ሳትጨርስ ተመለሰች» ብዬ ብጽፍ እውነት ነበር፤ ትወድቅ ነበር፤ ያንቺም ፈቃድ ይሞላ ነበር፤ እኔም ጡረታዬ እስኪደርስ እበር ነበር። እሷ አፏን እንደማትከፍት አውቃለሁ። ያስፈራኝ ይህ ነው፤ የልጅቷ ዝም ማለት። ቀኝ እጄ ከደነዘዘ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪም ሲመረምረኝ በግራዬ እያደረግሁ፣ ቀልድ እያበዛሁ አልፍ ነበር። አንቺንም ደህና ነው ብዬሻለሁ። ያ ወንበር ለሁለት ዓመት አይገባኝም ነበር፤ እዚያ ተቀምጬ ነው ያንቺን ልጅ ልገድልብሽ የነበረው።

ሁሉንም ጻፍኩ። በሽታዬን፣ ከመጽሐፉ መውጣቴን፣ ሃያ አምስቱን ሴኮንድ፣ አጎቷ መሆኔን። ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ሲጠይቁኝ «ላስደነግጣት» አልኩ። ማን እንደጠየቀኝ አልተናገርኩም፤ ያንቺንም ወረቀት ያን ቀን አቃጠልኩት።

ፈተናው በእኔ ምክንያት ተሠረዘ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሌላ ፈታኝ እንደገና በረረች። የጻፈላትን አሳይተውኛል። እኔ ከምጽፈው ይበልጥ ነበር።

ሆስፒታል ያስተኙኝ ለአንገቴ ነበር፤ ከበረራም ታግጃለሁ። ጡረታዬ በመስከረም ይወጣል፤ ወቀሳውም ማኅደሬ ውስጥ ይቀመጣል። አልበዛብኝም።

ስለ ዋሸሁሽ፣ ይልቁንም እሺ ስላልኩሽ፣ ይቅርታ።

ከፍያለው


ወርቃ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

እታለም፣

ይህን የሚያመጣልሽ የገደብ አውቶቡስ ረዳት ነው። ከዲላ የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ተቀምጬ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅሽ አይቀርም። ለነገሩ መጥቼ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግቢሽ ድረስ ገባሁ። በመስኮት ደብተር ስታርሚ አየሁሽ፤ መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽ እየፈለግሽው ነበር። ላንኳኳ ብዬ እጄን አንሥቼ ተመለስኩ። ሰው ከአየር ላይ ወድቆ የማይፈራውን በእህቱ በር ላይ ይፈራል።

በሀዲጃ አፍ «ይጸጸታል ወይ?» ብለሽ ማስጠየቅሽን ሰምቻለሁ። በእሺታዬ እጸጸታለሁ። በጻፍኩት አልጸጸትም። መብረር ስለመቅረቴ ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም። በአባታችን ቤት ነኝ። እንሰቱን አርማለሁ፤ ጣራውን አስጠግኛለሁ። የቡና ለቀማው ስለደረሰ የአቶ ይርጋ ልጆች ሞተሩን እይልን ብለውኝ አየሁላቸው። ሰው «ኮሎኔል፣ አሁንስ ዐረፍክ» ይለኛል። አላረፍኩም። ጠዋት ተነሥቼ ገደብ ድረስ እሄዳለሁ፤ እዚያ ስደርስ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ስለማላውቅ እመለሳለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ከላይ ያየሁት አገር በእግር ሲሄዱበት አያልቅም። አንቺ በ1983 ያየሽው ሰው ያው ነኝ፤ የአሁኑ ልዩነት የሚጠራኝ አለመኖሩ ነው።

ምርቃቷ ታኅሣሥ 8 ነው። የጥሪ ወረቀቱ በእኔ ስም መጣ። እኔ አልሄድም። ያ ሜዳ ላይ ብቆም ሰው እሷን ትቶ እኔን ያያል። ወረቀቱን እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። እንድትሄጂ አልለምንሽም፤ ከእንግዲህ አንቺንም ሆነ እሷን በምንም ነገር አልመራም።

ከፍያለው


ደብረ ዘይት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ወንድሜ ከፌ፣

ከመጀመሪያው ለአምስት ወር ዝምታዬ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሐምሌ የጻፍከውን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የምጽፈው «እኔ ነኝ» የሚል ብቻ ሆነብኝ። አንተ እዚያ ወንበር ላይ ብቻህን አልነበርክም። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

አንተ የማታውቀው ነገር አለ። ሚያዝያ ላይ «ተወው፣ ልጅቷን አትንካት» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ኪሴ ከተትኩት። «ሐሳቤ እንደጸና ነው» ያልኩህ ከዚያ በኋላ ነው። ያንን ብልክልህ ኖሮ እያልኩ አምስት ወር ደብተር አረምኩ።

ትናንት ተመረቀች። ከዲላ ሌሊት ተነሥቼ ነው የደረስኩት፤ ሀዲጃ እንደ ሙሽራ እናት ነጭ ልብስ አስለብሳኛለች። ከጎኔ ከጎጃም የመጡ እናት ተቀምጠው ነበር። አውሮፕላኖቹ በላያችን ሲያልፉ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው እልል አሉ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። «ምነው እመቤቴ፣ ያንቺስ ልጅ የትኛው ነው?» አሉኝ። «ሴት ናት፣ እዚያ የቆመችው» አልኳቸው። «ሴት?» ብለው ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ለእሷም እልል አሉላት። እኔ ያላልኩትን ሰው አለላት። የአብራሪነት ክንፍ ምልክቱን ደረቷ ላይ ሲያደርጉላት አገጯን ስታነሣ ቁርጥ አንተን መሰለች።

ከምሳ በኋላ ከመኮንኖች ክበብ ጀርባ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ነገርኳት፤ የወረቀቷን ነገር፣ የጻፍኩትን ቃል በቃል። እስክጨርስ ሰማችኝ። ተነሥታ አጥሩ ድረስ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ረጅም ጊዜ ቆመች። ተመልሳ ስትመጣ «ጋሼ ይህን ለአለቆቻቸው አልተናገሩም?» አለችኝ።

«አልተናገረም።»

«ብቻቸውን ተሸከሙት ማለት ነው።»

«አዎ።»

«እንኳን ነገርሽኝ አልልሽም፣ እማ። ዛሬ ባትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከፋም ለማም ከእንግዲህ በመሃላችን የተደበቀ ነገር የለም።

ለገና ወርቃ እመጣለሁ፤ እሷም ፈቃድ ካገኘች ትመጣለች። ወደ ገደብ ስትሄድ አብሬህ እሄዳለሁ፤ ጉልበቴ እስከቻለ። ሌላም የምነግርህ አለ፤ ተቀምጠን እናወራዋለን።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ልጻፍልህ። ዛሬ ጠዋት ልትሰናበተኝ ስትመጣ ብብቷ ሥር ወረቀት ይዛ ነበር። ወደ ምድብ ሳይሄዱ የሚሞሉት ነው። ሰርቄ አነበብኩት፤ «አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚነገረው ሰው» ይላል። ከሥሩ ያንተ ስም ተጽፏል።

«የኔ ስም ለምን የለም?» አልኳት።

«ጋሼ ቀስ ብለው ይነግሩሻል ብዬ ነው። ባዕድ ሰው መጥቶ እንዳይነግርሽ።»

«ሠርዢው።»

«እማ፣ ይህ እንደ ሌላ ወረቀት አይደለም።»

«ምን እንደሆነ አንብቤዋለሁ። የማንበብ ችግር የለብኝም።»

እስክሪብቶውን ከኪሷ አወጣች። እጄን ዘርግቼ ጠበቅኋት፤ ሰጠችኝ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስምህን በአንድ መስመር ሠረዝኩትና ከላዩ ካሳነሽ በቀለ ብዬ ጻፍኩ። አድራሻ የሚለው ላይ ዲላ አልኩ። ስልክ የሚለው ላይ የሀዲጃን ሱቅ ልጽፍ ብዬ ተውኩት፤ ሱቅ ይዘጋል። «ቤቴ ስልክ አስገብቼ ቁጥሩን እልክልሻለሁ፤ እስከዚያ አትብረሪ» አልኳት። ሳቀች፤ ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ወረቀቱን አጥፋ ደረት ኪሷ ከተተችው። ከእንግዲህ መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።

እህትህ
ካሳነሽ